ጨው ይቀነስ፣ ምግብ አይቀነስ፦ የልብ ድካምና የወሎ ማዕድ

ታማሚ ከደሴ ሆስፒታል ሊወጣ ሲል ቤተሰቡ ስለ ክኒኑ ከሚጠይቀው ይልቅ «ምን እናብላው?» የሚለው ይበዛል። ለልብ ድካም የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ጨው ቀንሱ፣ ቅባት ቀንሱ፣ ውኃ አታብዙ። ባለሙያውን በር ላይ ረጅም ሰልፍ ይጠብቀዋልና ከዚህ በላይ ለማብራራት ጊዜ የለውም። ቤተሰቡ ምክሩን ይዞ ወደ ተንታ፣ ወደ ወረኢሉ፣ ወይም በሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ቃሉ ይሄዳል። ችግሩ የሚጀምረው እቤት ሲደረስ ነው። ወጡ የሚሠራው ከወራት በፊት ተቀምሞና ተፈጭቶ በተቀመጠ በርበሬ ነው፤ ጨውም ያኔውኑ አብሮ ገብቷል።

ስለ ምግብና ስለ ልብ ድካም የሕክምናው ዓለም የሚያውቀውን ከወሎ ገበታ ጋር ማገናዘብ የዚህ ዳሰሳ ሥራ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለደሴና ለኮምቦልቻ ታማሚ የሚበጀው ምክር ጨው ይቀነስ፣ ምግብ ግን አይቀነስ የሚል ነው። ምክሩን መስማት ያለበትም ታማሚው ብቻ አይደለም፤ የቤቱን በርበሬና ሽሮ የሚያዘጋጀው ሰው ጭምር ነው፤ እሷም በአብዛኛው እናት ወይም ሚስት ናት።

ልብ ደም የመርጨት አቅሙ ሲዳከም ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ያንሳል። ኩላሊት ይህን ሰውነት ፈሳሽ እንዳጠረው አድርጎ ይቆጥረዋል። ሬኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይለቃል፣ በሱ መነሻነት አልዶስቴሮን የተባለው ሆርሞን ይጨምራል፣ ጨውና ውኃ በሽንት ከመውጣት ይልቅ ወደ ደም ይመለሳሉ። ጤነኛ ሰው ጨው ሲያበዛ ትርፉን በሽንት ያስወግዳል። የልብ ድካም ያለበት ግን ያጠራቅመዋል፤ እግሩ ያብጣል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ሳንባው ውኃ ይቋጥራል፣ ሌሊት ትራስ ካልደራረበ መተኛት ያቅተዋል። ብዙዎች ላሲክስ ብለው የሚያውቁት ፉሮሴማይድ ይህን ትርፍ ጨውና ውኃ ለማውጣት የሚሰጥ ነው። ጠዋት በክኒን የወጣ ጨው ማታ በወጥ ከተመለሰ ክኒኑ የሠራው ሥራ ከንቱ ይቀራል።

በአገራችን ማን እንደሚታመም ማወቅ የምግቡን ጥያቄ ይለውጠዋል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ9 የአፍሪካ አገሮች፣ በ12 ሆስፒታሎች፣ በ1,006 የልብ ድካም ታማሚዎች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የታማሚዎቹ አማካይ ዕድሜ 52 ዓመት መሆኑን አሳይቷል። በአውሮፓና በአሜሪካ ሕመሙ በአመዛኙ የ70 ዓመት አዛውንት ሕመም ነው። ከአፍሪካውያኑ ታማሚዎች ግማሽ ለሚጠጋው መነሻው ደም ግፊት ሲሆን፣ የልብ ደም ሥር መደፈን ያመጣው ከአሥር ሰው የአንዱን ያህል እንኳ አልነበረም። የተቀረውን በአመዛኙ የሚይዙት በልጅነት ከሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በኋላ በሪህ ትኩሳት የተጎዱ የልብ በሮችና የልብ ጡንቻ ሕመሞች ናቸው፤ ከወሊድ ጋር ተያይዞ የሚመጣውም ከነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር ለወፍራምና ለስኳር ሕመምተኛ አዛውንት የተጻፈው «ቅባት ቀንስ፣ ክብደት ቀንስ» የሚለው መመሪያ፣ ደሴ ላይ 45 ኪሎ የምትመዝን ወጣት እናት እጅ ሲገባ ሊጎዳት ይችላል።

የጨው ክርክር ረጅም ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1866 የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሐኪም የነበረው ፊሊፕ ካሬል እብጠት ላለባቸው ታማሚዎች በቀን ጥቂት ኩባያ ወተት ብቻ እየሰጠ እብጠታቸውን ያጎድል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ዋልተር ኬምፕነር ጨው አልባ ሩዝ፣ ፍራፍሬና ስኳር ብቻ እያበላ፣ ያኔ መድኃኒት ያልነበረውን አደገኛ የደም ግፊት አወረደ፤ ያበጠ ልብ በራጅ ላይ ሲቀንስ አሳየ። በሁለቱም የሠራው የጨው መጥፋት ይመስላል። ነገር ግን ማንም ሰው በዚያ ዓይነት ምግብ ዕድሜ ልኩን ሊኖር አይችልም።

ዘመናዊው ፈተና የመጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ጀስቲን ኢዘኮዊትዝ የሚመራው የካናዳ ቡድን በ6 አገሮች 806 ታማሚዎችን ለሁለት ከፈለ። ለአንዱ ወገን ሶዲየም በቀን ከ1,500 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ታዘዘ፤ ሌላው የተለመደውን ምክር ብቻ አገኘ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሞት፣ ሆስፒታል በመተኛትና ድንገተኛ ክፍል በመምጣት ረገድ ሁለቱ ወገኖች በግልጽ አልተለያዩም፤ 15 እና 17 በመቶ ሆነው ተቀራረቡ። ጨው የቀነሱት ግን የዕለት ኑሯቸው ትንሽ ቀሎላቸዋል። ይህን ይዘው «ጨው መቀነስ ዋጋ የለውም» ያሉ አሉ። እኔ ውጤቱ ለእኛ ያን ይላል ብዬ አላምንም። ልማዳዊ ምክር ያገኙት ሰዎች የሚበሉት ሶዲየም ወደ ጨው ሲመነዘር በቀን 5 ግራም ገደማ ብቻ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ ሰው ያስቀመጠው ጣሪያ ማለት ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ የስቴፕስ ጥናት ግን የአዋቂ ሰው አማካይ የጨው ፍጆታ በቀን 8.3 ግራም ገደማ እንደሆነ ገምቷል። ከ5 ግራም ወደ 4 መውረድ ብዙ ካልጠቀመ፣ ከ8 ወደ 5 መውረድም አይጠቅምም ማለት አይደለም። ጥናቱ አንድ ነገር ግን አስተምሮናል፤ ታማሚን ፍጹም አልጫ ማብላት አያስፈልግም። ልክ ማስያዝ ይበቃል።

ታዲያ የወሎ ጨው የት ነው ያለው? በምዕራቡ ዓለም መልሱ ፋብሪካ ነው፤ ከሚበላው ጨው አብዛኛው ታሽጎ ከሚሸጥ ምግብና ከምግብ ቤት ይመጣል። ደሴና ኮምቦልቻም የታሸገ ቱና፣ የቲማቲም ድልህ፣ ማጊና ቺፕስ ገብተዋል፤ ታማሚ ሊርቃቸው ይገባል። ዋናው ጨው ግን የሚገባው በቤት እጅ ነው፤ በዚህ ረገድ ዕድለኞች ነን፤ የሚለውጠው የራሳችን እጅ ነውና። እንጀራ ከጤፍም ይሁን በቃሉ ቆላ ከማሽላ ይጋገር፣ በአብዛኛው ቤት ጨው የለውም። ጨው ያለው ማባያው ላይ ነው። በርበሬ ከቅመሙ ጋር ሲሰናዳ ጨው ይገባበታል፤ ምጥን ሽሮ ሲፈጭም እንዲሁ። ከዚያ ወጡ ሲንተከተክ እንደገና ጨው ይጨመራል። በአዋዜ፣ በዳጣ፣ በሚጥሚጣና በቋንጣ ውስጥም አለ፤ በገጠሩ ደግሞ ቡናን በጨው የሚጠጣ ብዙ ነው። ሦስት ሲኒ ጠጥቶ ጨው መብላቱን የሚያስብ የለም።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ስሌት ልሥራ፤ መጠኑ ከቤት ቤት ይለያያል። 1 ኪሎ በርበሬ ላይ 200 ግራም ጨው ገባ እንበል። ከዚህ ድብልቅ በቀን 15 ግራም የደረሰው ሰው 2.5 ግራም ጨው በላ። 1 ኪሎ ሽሮ ላይ 100 ግራም ጨው ከገባ፣ 40 ግራም ሽሮ ለቀመሰ ሰው 3.6 ግራም ይደርሰዋል። ድምሩ 6 ግራም ገደማ ነው፤ ገና ድስቱ ላይ አንዲት ቁንጥር ሳይጨመር። ለዚህ ቤት «ወጥ ላይ ጨው አትጨምሩ» ብሎ መምከር ዘግይቷል። ምክሩ መድረስ የነበረበት በርበሬው ወፍጮ ቤት ሳይሄድ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በርበሬውና ሽሮው ያለ ጨው ይፈጩ፤ ጨው መጨረሻ ላይ በማንኪያ ይግባ፤ ያኔ ስንት እንደገባ ይታወቃል። አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ጨው 5 ግራም ገደማ ስለሆነ የአንድ ሰው የቀን ጣሪያ እሱ ነው። የጨው ጉድለቱን ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ቃሪያና ሎሚ ይሞሉታል፤ ምላስም በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል። ለታማሚው ለብቻው ድስት መጣድን ግን አልደግፍም። ወሎ ላይ ሰው በአንድ ገበታ ነው የሚበላው፤ ከገበታው የተለየ ታማሚ የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፣ አንጀቱም ይጨነቃል። ማጉረስ የለመደ ዘመድም ከዋናው ወጥ ጠቅልሎ ያጎርሰዋል። ስለዚህ የቤቱ ሁሉ ጨው ቢቀንስ ይሻላል፤ ደም ግፊት የልብ ድካም ዋና መነሻ በሆነበት አገር ሌላውም ቤተሰብ ይጠቀማል። ጨው ሲቀንስ አዮዲን ይቀንሳል፣ እንቅርት ይመለሳል ብለው የሚሰጉ ወገኖች አሉ። በ2003 ዓ.ም. በወጣው ደንብ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ግዴታ ሆኗል፤ ልኩን የያዘ ጨው በ5 ግራምም በቂ አዮዲን ይሰጣል። ትልቁ ጥንቃቄ ከአፋር መጥቶ በክፍት ከሚሸጥ አዮዲን ያልነካው ጨው መራቅ ነው።

ወደ ሁለተኛው የአቋሜ ክፍል ልምጣ፤ ምግብ አይቀነስ። የልብ ድካም ሰውን ያከሳል። ጉበትና አንጀት ፈሳሽ ሲቋጥሩ ሆድ ቶሎ የጠገበ ይመስለዋል፣ ምግብ በደንብ አይፈጭም፣ ትንፋሽ ለማግኘት በሚደረገው ትግል ሰውነት ብዙ ኃይል ያቃጥላል። እብጠቱ ክሳቱን ይሸፍነዋል፤ ውኃው ሲወጣ ጡንቻው ማለቁ ይታያል። እንዲህ የከሳ ታማሚ ቶሎ ይሞታል። በዚህ ላይ ጎረቤቱ «ሥጋ ይከለክላል»፣ «እንቁላል ለልብ አይሆንም»፣ «ወተት ያፍናል» እያለ ሲጨምርበት ማዕዱ ይራቆታል።

ከናይጄሪያ የመጣ አንድ ታሪክ እዚህ ላይ ይረዳናል። በአዲስ አበባም ያስተማረው ብሪታንያዊው ሐኪም ኤልድሪድ ፓሪ እና ባልደረባው ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዛሪያ ከተማ አራስ ሴቶች በብዛት በልብ ድካም ሲታመሙ አዩ። በባህሉ አራስ ካንዋ በሚባል የሐይቅ ጨው የተሠራ ገንፎ ትበላለች፣ በፈላ ውኃ ትታጠባለች፣ በሚሞቅ መደብ ላይ ትተኛለች። ጥርጣሬው ጨው ላይ ወደቀ፤ ለዓመታትም በዚያው ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ሰፊ የናይጄሪያ ጥናት ግን ከሕመሙ ጋር ጎልተው የተያያዙት አለመማር፣ ሥራ ማጣት፣ የሰውነት ክብደት ማነስና የእርግዝና ደም ግፊት መሆናቸውን አሳየ፤ ካንዋው ያን ያህል ክብደት አላገኘም። ጨው ላይ ብቻ ዓይን ሲተከል ድህነትና የምግብ ማነስ ከእይታ ይወጣሉ። ድርቅ በተደጋጋሚ በጎበኘው ወሎ ይህ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። የእኛዋ አራስ ገንፎዋንና አጥሚቷን ትብላ፤ የልብ ድካም ካለባት ጨው ብቻ ይቀነስላት።

ምን ይብላ ለሚለው እንግዲህ መልሱ ገበያው ላይ አለ። ምስር፣ ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ ጥሩ የፕሮቲን ምንጭ ናቸው። እንቁላል፣ ጨው የሌለው አይብ፣ እርጎ፣ ከሐይቅ የሚመጣ ትኩስ ዓሣ፣ ስብ ያልበዛበት ሥጋ አቅም ለፈቀደለት ይጠቅማሉ። የአሜሪካ የልብ ድካም ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ምክር ፕሮቲን ለአንድ ኪሎ ክብደት ቢያንስ 1.1 ግራም ይሁን ብሏል፤ ለ50 ኪሎ ሰው 55 ግራም መሆኑ ነው። አንዴ አብዝቶ ከመብላት በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ መብላት ለመተንፈስም ምግብ ለመፍጨትም ይቀላል። በሶ፣ ቅንጬ፣ ያለ ጨው የተቆላ ቆሎና ነፍሮ ለዚህ የተመቹ ናቸው። ጤፍ ብረት ስላለው ለደም ማነስ ይበቃል የሚለው እምነት ግን አያስኬድም። ከጤፍ ብረት ከፊሉ በአውድማ የተቀላቀለ አፈር ነው፤ ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚጠጣ ሻይና ቡናም ብረቱ እንዳይገባ ያግዳል። በልብ ድካም ላይ ብረት ሲያንስ በአፍ የሚወሰድ እንክብል እንኳ ብዙ አልረዳም፤ በደም ሥር የሚሰጠው ግን ይረዳል። ስለዚህ የብረት መጠንን በደም መመርመር ይሻላል።

ውኃን በተመለከተ ምክሩ ለዓመታት ጥብቅ ነበር፤ በቀን 1.5 ሊትር። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት 504 የተረጋጉ ታማሚዎችን አወዳድሮ፣ ፈሳሽ የተገደበባቸው ከተለቀቀላቸው የተሻለ ጤና እንዳላገኙ፣ በውኃ ጥም ግን ይበልጥ እንደተሠቃዩ አሳይቷል። እብጠት ላለበትና የደሙ ሶዲየም ለወረደ ገደቡ አሁንም ያስፈልጋል። ለተረጋጋው ግን ሲጠማው ይጠጣ። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደሴ ብርዳማ ናት፤ 1,850 ሜትር አካባቢ ያለችው ኮምቦልቻ ሞቃት ናት። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት እያላበው ፉሮሴማይድ የሚወስድ ሠራተኛ እንደ ደሴው ሰው ውኃ ቢገደብበት ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ጠላና አረቄ ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ አልኮል ራሱ የልብ ጡንቻን ያዳክማል።

ጾም በወሎ ችላ ሊባል የማይችል ነው፤ እስልምናና ክርስትና ጎን ለጎን የሚኖሩበት አገር ነውና። በረመዳን ችግሩ ሁለት ጊዜ ይመጣል። ቀን ያለ ውኃ ፉሮሴማይድ መውሰድ ደም ግፊትን ያወርዳል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። ማታ ደግሞ ሾርባው፣ ሳምቡሳውና መጠጡ በአንዴ ሲገቡ ልብ ይጨናነቃል። በቅርቡ ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ ወይም ተቀምጦ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው መጾም የለበትም፤ እስልምናም ለሕመምተኛ ፈቅዷል። ሕመሙ ቀላልና የተረጋጋ ከሆነ ደግሞ የመድኃኒቱን ሰዓት የሚያስተካክልለት ሐኪም ከወሩ በፊት ሊያየው ይገባል። ለኦርቶዶክሱ የምግቡ ዓይነት ችግር የለውም፤ ሽሮና ምስር መልካም ምግብ ናቸው። ሥጋቱ ረጅም ሰዓት ባዶ ሆድ መዋልና ከላይ ያየነው የበርበሬና የሽሮ ጨው ነው። የንስሐ አባት ለሕመምተኛ ሰዓቱን የማቅለል ሥልጣን አላቸው፤ ታማሚው ሳይጠይቃቸው እንዳይቀር ሐኪሙ ራሱ ቢያሳስበው መልካም ነው።

ከጾም ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ አለ። በሪህ ትኩሳት የልብ በሩ የተጎዳና የልብ ምቱ የተዛባ ሰው ደሙ እንዳይረጋ ዋርፋሪን ይወስዳል። ጎመን ውስጥ የበዛው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ይሽራል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጎመን በየቀኑ የሚበላ ሰው ደሙ የመርጋት ዕድሉ ይጨምራል። ፋሲካ ሲደርስ ጎመኑን ትቶ ወደ ሥጋ ሲዞር ደግሞ በጾሙ ጊዜ የተስተካከለለት ያው መጠን መድኃኒት ደም ሊያስፈስሰው ይችላል። ጎመን ይከልከል አልልም፤ መጠኑ ዓመቱን ሙሉ የተመጣጠነ ይሁን፣ ጾም ሲያዝና ሲፈታ የደም ምርመራው ይደገም። አብሽና ጥቁር አዝሙድ ለወጥ ቅመም ሲሆኑ አያስፈሩም፤ በብርጭቆ እየተበጠበጡ እንደ መድኃኒት ሲወሰዱ ግን ለሐኪሙ ይነገር።

ፖታሲየም የበዛባቸው ሙዝና ድንችም እንዲሁ ለሁሉም አንድ ዓይነት ምክር የላቸውም። ፉሮሴማይድ ፖታሲየም ያስወጣል፤ በተለይ ዲጎክሲን ለሚወስድ ሰው የፖታሲየም ማነስ የልብ ምትን ያዛባል። ስፓይሮኖላክቶንና ኢናላፕሪል የተባሉት የልብ ድካም መድኃኒቶች ደግሞ ፖታሲየም ያከማቻሉ። በዚህ ምክንያት ፖታሲየም የተቀላቀለበት ምትክ ጨው በጣም ያሰጋኛል። በቻይና 600 መንደሮች የተሞከረው እንዲህ ያለ ጨው ስትሮክን በ14 በመቶ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ተነግሯል፤ ለሕዝብ ጤና ትልቅ ተስፋ ነው። ስፓይሮኖላክቶን ለሚወስድ የልብ ድካም ታማሚ ግን ያለ ደም ምርመራ ከገባ ልብን ሊያቆም ይችላል። ጫትም መነሳት አለበት። የልብ ምትንና ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ርሃብን ያጠፋል፣ በበርጫ ላይ የሚጠጣው ለስላሳና ውኃም ከልክ ያልፋል። የልብ ድካም ያለበት ሰው ቢተወው ነው የሚሻለው።

እብጠት መመለሱን ቀድሞ የሚናገረው ሚዛን ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ መጨመር ውኃ መቋጠር ነውና ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ሚዛን ያለው ጥቂት ነው። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች ግን አሉ፤ በዚያው ሚዛን፣ በተመሳሳይ ሰዓትና ልብስ መመዘን ይበቃል። ገጠር ያለ ሰው የጫማውን መጥበብ፣ የመቀነቱን ዙርና የትራሱን ብዛት ይመልከት። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሆስፒታል በተዘረፈበት ወቅት የመድኃኒት መቋረጥ ምን ማለት እንደሆነ ከተማው አይቷል። ምግብ መድኃኒትን አይተካም፤ መድኃኒት በጠፋበት ሳምንት ግን የጨው ልክ የሚያተርፈው ቀን ቀላል አይደለም።

ለሥራ የሚመች ሐሳብ አለኝ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርቱን ደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን ኮምቦልቻ አድርጎ ይዟል። ከሁለቱ ከተሞችና ከዙሪያቸው ቀበሌዎች የቤት በርበሬና ሽሮ ናሙና ሰብስቦ የጨው መጠኑን መለካት ለኮምቦልቻ ቤተ ሙከራ ከባድ አይደለም። ውጤቱ ሲታወቅ የደሴ ሐኪሞች ያለ ጨው የተፈጨ በርበሬ የተሰጣቸውን ቤተሰቦች ከሌሎቹ ጋር አወዳድረው፣ ማን ቶሎ ተመልሶ እንደሚተኛ ማየት ይችላሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ይገባሉ፤ በርበሬ የሚቀመምበትን ወርም ያውቃሉ። ከዚያ በፊት ግን ታማሚ ሲወጣ ባለሙያው አንድ ጥያቄ ቢጨምር ወጪ የለውም፦ «የቤታችሁን በርበሬ የሚያዘጋጀው ማነው?» ያ ሰው በሚቀጥለው ቀጠሮ አብሮ ይምጣ።